«ምክንያቱ ይገለጽ» ለሚል ደብዳቤ መልስ

ይድረስ ደብረ ማርቆስ፣ ለአቶ ሞላልኝ፣
«ምክንያቱ ይገለጽ» ብለው ለጻፉልኝ።

የክትባቱ ፍሪጅ ስምንትን ተሻግሮ
ዘጠኝ የገባ ለት፣ ባትሪው ጦም አድሮ፣
ቀኑ ዐሥራ ስምንት፣ ወሩ ነሐሴ ነው።
በበረዶ ሣጥን ድጎ ያደረስነው
እኔና አንጓች ነን፣ ጭቃው እስከ ጉልበት፤
አንዲት ብልቃጥ እንኳ አልባከነችበት።

«ፀሐይ በዚያ ሰሞን አናት ላይ ናት፤ ታዲያ
ጉልበቷን ምን ነካው?» ይላል መጠየቂያ።

እውነትዎን ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣
በሚያዝያ ቀትር፣ ደግሞም በነሐሴ፣
ከሶላሩ አጠገብ ያቆምሁት ችካል
ጥላውን አጣጥፎ ከሥሩ ይቀብራል።
የሚያዝያውን አየሁ፣ በጠመኔ ጻፍኩት።
የነሐሴውን ግን በግምት ነው ያልኩት፤
ጮቄ ነጭ ጋቢውን እስከ ጆሮው ስቦ
ተኝቷል፤ ሰማዩም አብሮት ተከናንቦ።

በደብተሬ አለ፦ ሐምሌ ሃያ፣ ጭጋግ፤
ሃያ አንድ፣ ጭጋግ፤ ሃያ ሁለት፣ እንደዚያው፤ ሃያ ሦስት፣ ጥቂት ወጋግ፤
ነሐሴ ሦስት ቀን ከሰዓት ወጣችና
አንድ ነጠላ ሳይደርቅ ገባች እንደገና።

ብርሃን ከፀሐይ ተነሥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ
ስምንት ደቂቃ ነው፤
አንጓች የአንድ ሕፃን ካርድ ጽፋ እስክትጨርስ።
ያን ሁሉ ባዶ አገር አቋርጦ ሲያልፍ
የሚይዘው የለ፣ የትም ሳያርፍ፤
ከደጃችን፣ ከጫፉ ላይ ከደረሰ፣
የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ሲቀረው፣ ተመለሰ።
ደመናው ነው የመለሰው። ሁሉን አይደለም፤
የተረፈው ለማንበብ ይበቃል፣ ለፍሪጅ አይሆንም።
እንግዳ ደጅ ደርሶ ሳይገባ ሲመለስ
ባለቤቱ ነው እንዴ የሚወቀስ?

ታኅሣሥን ልንገርዎ። ፀሐይ ዘንበል ብላ
ወደ ዓባይ ማዶ፣ ሲረዝም ጥላ፣
ለአንድ ጥማድ መሬት የተሰፈረ ዘር
ጥማድ ከሩብ ላይ ተበትኖ ሲያድር፣
ብርሃኑም እንዲሁ፣ ሲሰፋ ይሳሳል።
ሰማዩ ግን ጥርት! ባትሪው ጠግቦ ያድራል።
ደግሞ ይገርምዎታል፤ ገና ሲቃረብ ነው
ምድር በዓመት አንዴ ለፀሐይ የምትቀርበው፤
ያኔ ነው ውርጩ ጎመን የሚያቃጥል።
ቅርበት ብቻውን አያሞቅም፤ ጎረቤት ያለው ይህን ይገምታል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። በዚያው ሳምንት፣ ማታ፣
ዝናቡ ለጥቂት ደቂቃ ሲገታ፣
ሶላሩን ልወለውል ወጥቼ ቀና ስል
ጨረቃ በምዕራብ፣ ቀጭን፣ የማጭድ ስል፤
ጨለማ ጎኗ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤
አመድማ ሳሕን ነው፣ ይታያል፣ አይደምቅም።

ለእሷም ለእኛም ያው ነው፣ ፀሐይ የሰፈረችው፤
በአንድ ቁና ለክታ፣ ሳታበላልጥ ነው።
እሷ ግን አየር የላት፣ ደመና አታውቅ፣
ቀኗ ግማሽ ወር ነው፣ ሌሊቷም እንዲያው ሩቅ፤
የመጣላትን ሁሉ በባዶ ፊቷ ትቀበላለች።
«ታዲያ ያ ጎኗ በምን በራ?» አንጓች አለች።

በእኛ ነዋ። ደመና ከደጅ የሸኘው
ብርሃን ነው፣ ሰከንድ ካለፈ በኋላ እዚያ የተገኘው።
ግን እውነቱን ልጻፍ፤ ያን ምሽት ያየሁት
የእኛው አይደለም፤ ከወዲያ በምዕራብ ገና ቀን የሆነለት
የሌላ አገር ሰማይ፣ የሌላ ሰው ክረምት።
የእኛ የቀትሩማ፣ ከህንድ ወዲያ ማዶ
የመሸበት አንድ ሰው፣ ከበረንዳው ወርዶ፣
አይቶት ይሆናል፤
ጮቄ መሆኑን ግን ማን ይነግረዋል?

ስለዚህ በቅጹ ላይ «ጠፋ» አይባልም።
«በውሰት ወጥቷል» ይባል፤ የተመላሽ ቀን የለውም።

«እዚያስ ማን አለ?» አለችኝ አንጓች፣ ሣጥኑን እየዘጋች።
ማንም፣ አልኳት።
ዝናቡ ጀመረ።
ቢሆንም በርቷል።

ሁለተኛ ባትሪ ይላክልን፣ ከሐምሌ በፊት።
እናትነሽ፣
ቢቡኝ፣ ከጮቄ ሥር፣ ጤና ኬላ።