ፓራውልት

ነስረዲን በያጁ ቧንቧ እያጋለ፣
«ለሞተርህ ብረት ላስርልህ ወይ?» አለ።
ሁለት ሺህ ብር ቆጠርኩ፣ የሳምንት ጫቴን፣
ከአስፋልቱ መንጋጋ ላስጥል ብዬ ባቴን።

ብረቱ ሲታሰር ግን ልቤ ተፈታ፤
በከዚራ ዛፎች ስበር ማታ ማታ፣
ድሮ የማከብረው የደቻቱ አሸዋ፣
መስሎ ታየኝ ያኔ አፍ የሌለው ጨዋ።

ድልድዩ ጫፍ ላይ ግን በጎን ገለበጠኝ፣
ጎማዬን አሳስቶ አፍ አውጥቶ ዋጠኝ።
ብረቱ ተጣሞ ባቴ ግን ዳነልኝ፤
ትከሻዬን ግና ማንም አልያዘልኝ።

«ጠቀመህ ወይ?» ሲለኝ መዶሻውን ጥሎ፣
«ግማሽ» አልኩት፣ ክንዴ በሚስቴ ሻሽ ታዝሎ።

«ግማሽ ክፈል» ብሎኝ ያቃናው ጀመረ፤
የተፈታ ልቤ ግን ሳይታሰር ቀረ።