ፊት ነሺ

«ፊት ነሳን» ይሉኛል የፖስታ ቤት ሰዎች፣
ሃያ ዓመት ከጎኔ ማኅተም የመቱ እጆች።
«ኮራ» ብለው ያሙኛል፣ «ሹመት አግኝቶ ነው፣
ከአንበሳው ሐውልት ሥር ዘግቶን ያለፈው።»
እኔ መች ነሳሁ? እኔው ነኝ የተነሳሁ፤
ፊት ሁሉ ረግፎብኝ፣ ባለፈው ሰኔ፣ ካልጋዬ የተነሳሁ።

ጥቁር አንበሳ፣ ሐኪሟ አለች፣ «ዓይንህስ ደህና ነው፤
ከጆሮህ ኋላ፣ ባቄላ የምታህል ቦታ ላይ ነው ደም የፈሰሰው።»
ፎቶ ደረደረች። ይሄ? አፍንጫ። ይሄ? ቅንድብ፣ ጥርስ።
አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፤ ሰውየው ጋ ግን አልደርስ።
በሐዋላ ሒሳቤ ሳንቲም ያልጎደለኝ
የእናቴን ፊት ደምሬ ዜሮ መጣብኝ።

ወንድሜ ሳል ሆኗል፤ ሐኪም ያድነዋል ብዬ እሰጋለሁ።
ጋሽ ድልነሳውን በደረጃው ላይ በከዘራቸው ምት ዐውቃለሁ።
ትርሲት በስልክ ልጄ ናት፤ በር ላይ ስትቆም እንግዳ፤
«አባዬ» እስክትል ድረስ ወንበር አቀርባለሁ፣ እንደ ባዳ።

ሚስቴ እልፍነሽ ናት። ሠላሳ ዓመት አንድ ነበረች ለኔ፤
አሁን ለገሐር ላይ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ስሟ ሞላ ባይኔ።
እልፍ ናት።

ተስማምተን ነበር፦ ቢጫ ሻሽ አስራ ከታክሲው ሰልፍ ግንባር
ትቆማለች፤ እኔ ሻሹን አያለሁ። ይኸው ነበር።
ማክሰኞ ዕለት ግን ሻሿን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ
አጠገቤ ቆመች፣ ክንዷ ክንዴን ሊነካ፣ አፏን ዘግታ፤
ሠላሳ ዓመት እስቲ ያለ ሻሽ ይናገር እንደሆን ብላ።
ሦስት ታክሲ መጣ፤ ሦስቱም «ሳር ቤት! ሳር ቤት!» ተብሎለት ሞላ።

እኔ አንገቴን አስግጌ ቢጫ እፈልጋለሁ።
ቢጫ ሹራብ የለበሰች አንዲት ሴት እጇን ያዝኩ፣ «መጣሁ»።
መነጨቀችኝ። ሰልፉ ዞሮ አየ። ያኔ ከጎኔ
«ኤጭ!» — ሩዝ ሲያርባት፣ ቁልፍ ስትረሳ የምትላት — እኔ
ገና ሳልዞር ዐወቅኩ።

ሁሉ የሚለኝን ቃል እሷ አላለችም።
«አራተኛው እንዳያመልጠን» አለች እንጂ፣ ቀና አላለችም።

ከዚያ ወዲህ ቤት ገብታም ሻሹን አታወልቅም፤
ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ዜና ስታይ። መብራት ጠፍቶ እንኳ አታወልቅም፤
በጨለማ ደግሞ ቢጫ አይታይም።
ሌሊት ስነቃ እዳስሳለሁ፦
ቋጠሮው አልላላም።