ይተንፍስ

የጦሳ ጉም ወርዶ ከተማዋን ሲውጥ፣
ባባቴ ቮልስዋገን ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ፣
ቁልፉን አንዴ ባዞር ሳል ሳለና አቋረጠ፤
ደግሜ ባዞረው ገላው ተንቀጠቀጠ።

እኔ ቸኩያለሁ።
ኮምቦልቻ፣ እኅቴ ዘንድ፣ ዛሬውኑ እወርዳለሁ።
ከጎኔ ወንበር ላይ አንድ ፌስታል አለ፤
ውስጡ የቤት ካርታ፣ ያልተከፋፈለ።
አባባን በጥር ነው የቀበርነው፤ አሁን ሐምሌ ነው፤
ከሐዋ ጋር ያወራነው በሽማግሌ ነው።
ሌሊቱን ሳጠናው ያደርኩት ክፉ ነገር
ምላሴ ጫፍ ቆሞ ይለኛል "ሂድ፣ ንገር!"

ስለዚህ ረገጥኩት።
ቤንዚን መስጫውን እንደ ባላጋራ አንገት
ረገጥኩት፣ ለቀቅኩት፣ ደግሜ ረገጥኩት።
ከኋላ፣ ከሞተሩ በኩል፣ ሽታው መጣ፤
ዓይን የሚያስለቅስ፣ ጉሮሮ የሚቆጣ።

ከዚያማ ሰው መጣ፣ ምክር ተሸክሞ።
"ባትሪ ነው" አለ አንዱ፣ ከጃንጥላው ሥር ቆሞ።
"ሞተሪኖው ነው እንጂ! በመዶሻ ምታው!"
ባለሱቁ ፈንታው
"የሰው ዓይን ነው" ብሎ ሳቀ፤ ማንም አልሳቀለት።
ስድስት ሆነው ገፉኝ በዚያ ሁሉ ዳገት፣
ከቤታችን ደጃፍ እስከ መስጊዱ በር፤
ጭቃው ጫማ በላ፤
ሞተሩ ግን ድንጋይ እንደ ነበር ነበር።
መልሰው ገፉኝ ደግሞ፣ ቁልቁል፣ ወደ ቤቴ፤
ቢያንስ ይሄኛው ቀለለ፤ አፈርኩ ግን በሕይወቴ።

ይመር መካኒኩ ጋቢ ደርቦ ወጣ።
ኮፈኑን ሳይከፍት አሸተተ፤ አልተቆጣ።
"አልጠማውም" አለኝ፤ "አጠጥተህ አነቅኸው።
እግርህን አንሣለት። ሰው ቢሆን ገደልኸው።"

አራቱን ካንዴላ ፈትቶ ደረደረ
እንደ ተነቀለ ጥርስ፤ ሁሉም ረጥቦ ነበረ።
በጋቢው ጠርዝ አደረቀ፣ በሽቦ ፈለፈለ፤
ቀዳዳውን ክፍት ትቶ "ይተንፍስ" አለ።

"እስከ መቼ?" አልኩት።
"ሩብ ሰዓት። ከቻልክ ትንሽ ጨምርለት።
አባትህ እዚያች ድንጋይ ላይ ሆኖ ነው የሚጠብቀው፤
እኔ ስቸኩል እንኳ 'ተው' የሚለኝ እሱ ነው።"

ሃያ ዓመት በዚህ በር ስገባ ስወጣ
ድንጋይ መኖሩንም ልብ አላልኩም።
ተቀመጥኩ። እርጥበቱ በሱሪዬ አልፎ መጣ።
አንድ ባጃጅ ወደ ቧንቧ ውሃ ወረደ፤
ጉሙ ባዝዋ ገደል በኩል ትንሽ ተቀደደ።
ንግግሬን ከለስኩት። ሁለት ቃል ጠፋብኝ።
እሱም አናደደኝ።

ይመር ካንዴላውን መልሶ ገጠመ፤
በመስኮቱ አጎንብሶ ካጠገቤ ቆመ።
"አንዴ እስከ ታች ጫነው፤ አትነዝንዘው ደግመህ።
አየር ይጠጣበት። ቁልፉን ብቻ አዙር፣ ዝም ብለህ።"

ቃ… ቃ… ቃ…
አንድ ጊዜ አስነጠሰ እንደ እርጥብ ውሻ፣
ጥቁር ጭስ ተፋና፣ ተነሣ በመጨረሻ።
ይመር ሁለት መቶ ብሬን ቆጥሮ ኪሱ ከቶ፣
"ሐረጎን በማርሽ!" አለኝ እጁን አንሥቶ።

ሐረጎን በማርሽ ወረድኩ፣ ጥምዝ በጥምዝ፤
ጉሙ ካናቴ ቀረ፣ ጆሮዬ ተደፈነ፤
ሹራቤን አወለቅሁ፤ አየሩ ሌላ ሆነ።

እኅቴ በር ስደርስ ሞተሩን አጠፋሁት።
ይህ መኪና ግን ልማድ አለው፤ ረስቼው ነበር፤
ቁልፉ ከወጣም በኋላ ሁለቴ ሳይስል አያድር።
አንዴ ሳለ።
ሁለቴ።
ከግቢው ውስጥ የባልዲ ውሃ ድምፅ ተቋረጠ፤
ነጠላ ጫማ በሲሚንቶው ላይ ሮጠ።
"አባባ?" አለች እኅቴ።

በሩ ገና አልተከፈተም።
እጄ ቤንዚን ይሸታል፤ ካርታው በብብቴ።