ዓይን ያወጣ ዋጋ

ከቁልፍ ቀራጩ በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ፖርቶን ዝናብ ሲያጥባት በመስኮት የሚታይ፣
አራት ጠረጴዛ፣ አንድ አንኮራፊ ማተሚያ፣
ይኸው ነው ቤታችን፣ የሐሳብ ገበያ።

ዲዛይነር አይደለሁም፤ መስመር አይታዘዘኝም፣
ቀለም ብደባልቅ ጭቃ እንጂ አይሆነኝም።
የኔ ሥራ ሌላ፦ ማን ምኑን እንደ ያዘ፣
የቱ ሥራ ገፋ፣ የትኛው ፈዘዘ፣
ከማክሰኞ ላይ ማን ተዋሰ ግማሽ፣
ማን ታሞ ይተኛ፣ ማን ይቆይ እስኪመሽ፤
በሰው ዕድሜ ላይ ነው ሠንጠረዥ ማሰምረው፣
ቀኑን እንደ ዳቦ በሩብ የምቆርሰው።

የበጋው ጫፍ ላይ ሴኞር አቤላርዶ መጡ፣
ከማቶዚኞስ ወደብ፤ ጣሳ ከኪስ አወጡ።
«አያቴ ያሣሉት ሰርዲን ነው፤ አርጅቷል፤
ገዢ ባጠገቡ ሳያየው ያልፈዋል።
እንዳዲስ ሣሉልኝ፣ አሮጌው ሳይነካ።»
እንዲህ ያለ ትእዛዝ በሰዓት ስለካ
አርባ መጣልኝ። ለጉንፋን፣ ለጸጸት ስድስት ጨመርኩ፤
ደሞ ፈራሁና ስድስቱን ቀነስኩ፣ አርባ ብዬ ነገርኩ።
(ልናዘዝ፦ ዋጋ ስጠራ ድምፄ ይቀጥናል፤
ቁጥሩ ካፌ ሳይወጣ ቅናሹ ይቀድመኛል።)

ሥራው ለጉዋልተር። ጉዋልተር ዝምተኛ፣
ጥፍሩ ሥር ቀለም የማይለቅ ልጅ፣ ለራሱ ምቀኛ።
የሰዓት መዝገቡን ማታ ማታ ሲሞላ፣
«ዓሣ፣ ሦስት ሰዓት። ዓሣ፣ ሁለት።» ሌላ
ቃል የለውም። ሥራው አልቆ ስደምረው
ሠላሳ ስምንት ነው። ልቤን ደስ አለው።
ያተረፍን መስሎኝ
ለሁላችን ኬክ ገዛሁ።

በማግሥቱ ቁልፍ ቀራጩ ደረጃው ላይ ያዘኝ፦
«ያ ልጃችሁ ሌሊት አይተኛም?» አለኝ።
ገባሁ ከኮምፒውተሩ፤ ፋይሎቹን ስከፍት፣
«ዓሣ የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ»፣ «በቃ»፣ «ይህቺ ናት»፤
ሁሉም የተቀመጡ ከሌሊቱ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ ሰዓት።
ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤
እኔ ጎርጉሬ ያወጣሁት መቶ አሥራ ሦስት ሰዓት ሆኗል።

«ገላው በሃያ ሰዓት አልቋል» አለኝ፣ ጣቱን እያፍተለተለ፣
«ችግሩ ዓይኑ ነው፤ በሣልኩት ቁጥር ሞተብኝ፤ ሺህ ጊዜ ተሠራ፣ ሺህ ጊዜ ተገደለ።»
«ለምን አልጻፍከውም?»
ዝም አለ። ቆይቶ፣
«ያቃተኝን ሰዓት ማን ይሸጣል ከቶ?»

እኔ ደግሞ ቆጠርኩ፦ ነፃ የመሰለን ያ ሁሉ ሌሊት
ተከፍሎበታል፤ ብቻ ደረሰኝ አልተቆረጠለት።
የከፈለው እንቅልፉ፣ የከፈለችው ሕፃን ልጁ፣
አባቷን ቁርስ ላይ ተኝቶ ያየችው፣ ማንኪያው በእጁ።

ደብዳቤ ጻፍኩ። ልዩነቱን ጠየቅኩ፣ በእውነቱ ቁጥር።
ሴኞር አቤላርዶ መጡ፣ ፊታቸው በርበሬ መስሎ።
«ዶና ኦዴቴ! ዓይን ያወጣ ዋጋ!» አሉ፣ በሩን ሳይዘጉ።
«ልክ ነዎት፣» አልኳቸው፤ «ይኸውና ዓይኑ።
ይህን ያወጣ ዋጋ ነው።» አዲሱን ጣሳ ሰጠኋቸው።
ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት። ዓሣውም አያቸው።

ውሉ አርባ ይላል፤ ሕግ ከሳቸው ወገን፤
ፈሪ የጠራውን ዋጋ ማን ሊዳኝ ይሆን?
የልዩነቱን ሩብ በገንዘብ ከፈሉ፤ ለቀሪው
አራት መቶ ጣሳ ላኩ በጭነት መኪና፤ ደረጃው ጠበበው።
ክረምቱን በሙሉ ሰርዲን በዳቦ በላን፤
ዞራይዴ፣ ጽሑፍ አዘጋጃችን፣ «ደሞዛችን ሸተተ» አለችን።

አሁን ሠንጠረዤ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤
ከሰዓት፣ ከቀለም፣ ከማተሚያ ቀጥሎ «ለዓይን» ብዬ ጽፌያለሁ።
ደንበኞች «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላሉ።
ድምፄ ዛሬም ይቀጥናል።
ግን ጣሳው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤
ቅናሹ ካፌ ሊያመልጥ ሲል
ዓሣው ያየኛል።