እርሳስ

በሩ አንድ ነው፣ ሰልፉ ሁለት፤
አንዱ ለባለጉዳይ፣ አንዱ ለጎብኚ፣ ለባለ ቲኬት።
ቀበቶ በሁለቱም ይፈታል፣ ኪስ በሁለቱም ይራገፋል፤
ፈታሹ የጥፍር መቀሴን ከቦርሳዬ መዞ ያያል፣
«ምን ልትቆርጪ ነው?» ይላል።
ዝም አልኩ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሎይክ ጋር ኖሬ
በአንዲት የገጠር ቤት ይግባኝ ላይ ነኝ ዛሬ።

ችሎቱ ወደ ከሰዓት ዞረ።
ጠበቃዬ ማዳም ፔሪኖ ሳንድዊቿን እየፈታች
«እስኪጠሩን ቤተ ጸሎቱን እዪው» አለች፤
«እኔ ሃያ ዓመት በደጁ ሳልፍ አንድ ቀን አልገባሁ።
ደግሞም ብንሸነፍ አይክፋሽ፤ ሰበር አለልን፣ እኔም አለሁ።»
ሰበር።
ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ሳህን ወደቀ።

የታችኛው ቤት ዝቅ ያለ ነው፣ ለሎሌ የተሠራ፤
ጣሪያው ሰማያዊ፣ በወርቅ አበባ የተዘራ።
ጠመዝማዛው ደረጃ ላይ አንዲት አሮጊት ትንፋሽ አጥሯት
«ንጉሡም በዚህ ይወጣ ነበር?» ብላ ልጇን ጠየቀች።
«ኧረ! እሱ ከእልፍኙ በቀጥታ ነበር የሚገባው» አላት።
«አልኩህ» አለች፣ ጉልበቷን ይዛ፣
«ሰማይን እንዲህ አቅርቦ የሚያሠራ
ደረጃ ያልወጣ ሰው ነው።»

ከዚያ ግድግዳ ጠፋ።
ድንጋይ ይጠብቅ የነበረ ዓይኔ መደገፊያ አጣ።
ግን ዳመና ነበር፤ መስታወቱ ጠቁሮ፣ እንደ ቆየ ወይን ጠጅ፣
ቀዩ ከሰማያዊው ሳይለይ ተኳርፎ ቆሟል።
እውነቱን ልናገር፣ «ለዚህ ነው ያ ሁሉ ሰልፍ?» ብያለሁ።
ዘበኛዋ በየአሥር ደቂቃው «ጸጥታ!» ትላለች፣
ከሁላችንም በላይ እየጮኸች።

ሎይክ እዚያ ነበር።
በሰሜኑ በኩል፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣
እንደ ልማዱ ከላይ ጀምሮ፤
ጋዜጣ ከኋላ ገጹ፣ ጠብ ከፍርዱ ነው የሚጀምረው።
«ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው» አልኩት።
ዞረ። አልደነገጠም።
«ለካ!» አለ፣ «እኔ እኮ መጀመሪያ ሲቀበሩ፣
ኋላ ሲጣሉ፣ በመጨረሻ ሲፈጠሩ
አይቼ ግራ ገብቶኛል።»
ሳልፈልግ ሳቅሁ።
«ጸጥታ!»

ቀረብ ብለን አየን፤ አንድም ሙሉ የለም።
የሴቲቱ ትከሻ ሦስት ቦታ፣ የዛፉ ቅጠል አራት፣
ጥፍር የምታህል ፊት እንኳ ለሁለት ተከፍላ
በጥቁር እርሳስ ተይዛለች።
የምንጽፍበት እርሳስ አይደለም፤ እሱን ላጲስ ያጠፋዋል፤
ይሄኛው ከባዱ፣ ብርሃን የማያሳልፈው፣
ቀዩን «እስከዚህ ነህ»፣ ሰማያዊውን «ከዚህ ጀምር» የሚለው፣
ሲያረጅም በሌላ የሚተካው።

«የወጥ ቤቱን መስኮት ታስታውሻለሽ?» አለኝ።
በኳስ የሰበረውን፣ በፕላስተር የለጠፈውን፣
«ነገ አስጠግነዋለሁ» ያለውን።
«ስድስት ክረምት» አልኩት።
«ሰባት» አለ።
ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ሳያደላ መሰከረ።

ፀሐይ ወጣች።
ምንም ሳትል፣ በደቡቡ መስኮት፣ በአንድ ጊዜ፤
ቱሪስቶቹ ዝም፣ ዘበኛዋም ዝም አለች።
ወለሉ ላይ ቀለም ፈሰሰ፣ ሰው ጫማውን አነሳ
እንዳይረግጠው ብሎ።
አንድ ቀይ ነጠብጣብ የሎይክ መላጣ ላይ አረፈ፣
ቀስ ብሎ ወደ ጆሮው ሄደ፣
ጆሮው ጋ ሲደርስ ሐምራዊ ሆነ።
አልነገርኩትም።
እሱም እኔ ላይ ያየውን አልነገረኝም፤
ብቻ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

ከሰዓት በኋላ ዳኞቹ ሰሙን፤ ፍርዱ ለኅዳር ተቀጠረ።
ማዳም ፔሪኖ በኮሪደሩ ተከትላኝ
«ካልሆነ ሰበር…» ብላ ስትጀምር
«ይብቃ» አልኳት። «የሰበርነው ይበቃል።»
ደንግጣ አየችኝ፤ ቦርሳዋ ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

በሩ ላይ ፈታሹ መቀሴን ከሳጥኑ አወጣ፤
አልረሳኝም።
«እሺ፣ ቆረጥሽ?» አለኝ እየሳቀ።
«ቆረጥኩ» አልኩት።