ጳጉሜ ስድስት

ኮዬ ፈጬ ዳር ላይ፣ አስፋልቱ ባለቀበት፣
ከኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ ምድር ቤት፣ አንዲት ጠባብ ቤት፣
ዘውገ ይሠራል፤ ከሞተ ቴሌቪዥን መሐል፣
ከተፈታ ሬዲዮ፣ ከባጃጅ ባትሪ፣ ከሽቦ ጥቅልል።

መጠገን እንጀራው ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው፤
«ንጋት» የሚባል ኮምፒውተር፣ ዘመን ያለፈበት፣ እሱ ብቻ አልሞተም የሚለው።
ስታበራው ሥዕል የለ፣ ዘፈን የለ፣ ማስታወቂያ፤
አንዲት ጭረት ብቻ፣ ብልጭ ድርግም፣ የትእዛዝ መጠበቂያ።
«ጻፍ» ስትለው ይጽፋል፤ «ድገም» ስትለው ይደግማል፤
«ቁም» ካላልከው፣ መብራት እስኪሄድ ይደክማል።

ወዳጆቹ ሰባት ቀሩ፤ ስድስቱ መነጽር አድርገዋል፤
ቅዳሜ ከሰዓት መጥተው፣ ያንኑ ነገር ያነሱታል።
«የዱሮው ቁልፍ ሲነካ ድምፅ ነበረው፣ ደስ ያሰኛል፤»
«የዱሮው ቀፎ ብረት ነው፣ ይሄ ቆርቆሮ ይመስላል!»

መምሰል አይደለም፤ ቆርቆሮ ነው። የዘይት ጣሳ።
ዋጋው ከበዓል በግ ያንሳል፤ በዱቤም ይሄዳል፣ ማንም እንዲያነሳ።
«ለእናንተ አይደለም የሠራሁት» አለ ዘውገ አንዴ፣
«ጀማሪ ያልገባበት ቤት፣ ቢያብረቀርቅ ያው ኦና አይደል እንዴ?»

ሌንሴ ያን ዕለት መጣች፤ አሥር ዓመቷ ነው፣ ቀጭን፤
እናቷ በመደብ ድንች ሸጣ፣ ከፍላለች ግማሹን።

ንጋት የሚኮራባት አንዲት ፕሮግራም አለችው፣
የልደት ቀን ሲሰጧት፣ ማክሰኞ ይሁን ዓርብ የምትለየው።
ሽማግሌዎቹ በሷ ነው የሚምሉ፤
«ሠላሳ ዓመት አንዴ አልሳተች» ይላሉ።

ልጅቷ በአንድ ጣቷ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ጻፈች፦
ጳጉሜ ስድስት።
ጭረቷ ሁለቴ ብልጭ አለች።
«እንዲህ ያለ ቀን የለም።»

ሌንሴ ዞረች ወደ ሰዎቹ፤ አላለቀሰች፣ አልሳቀችም፦
«ታዲያ እኔ መቼ ተወለድኩ?»
ማንም አልመለሰም።

ሰባት ሰው፣ ሠላሳ ዓመት፣ አንዱ እንኳ አልጠየቃት፤
አራት ዓመት ቆይታ የምትመጣን ቀን ማን ያስታውሳት?

ዘውገ መበየጃውን አስቀመጠ። የፕሮግራሟን ውስጥ ከፈተ፤
«ጎረምሳ ሳለሁ የጻፍኩት…» ብሎ ጀምሮ፣ ተወው፤ ወንበር ጎተተ።
«ነይ፣ ተቀመጪ።»

ይሄኔ መብራት ሄደ። የብሎኩ ልጆች ጮሁ። ባትሪው ግን ያዘ፤
አረንጓዴ ፊደል በስድስት መነጽር ላይ ተጓዘ።
ሌንሴ «አምስት» ከሚለው ጎን «ወይም» ብላ ጻፈች፤
ስድስትን ፍለጋ፣ ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ቆየች።