ቀይዋ ቁልፍ

ፊቱን የሚያውቅ የለም።
አምባሳደር ቆሞ ታክሲ ሲጠብቅ
ረዳቱ «አባባ፣ ጠጋ!» ይለዋል በሳቅ።
ግን አንዴ ከጠየቀ «ሜክሲኮ ነው?» ብሎ
ሹፌሩ ይዞራል መሪውን ጥሎ፤
ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው
«ጋሽ አጎናፍር» ይላል፣ እንባ እየተናነቀው።

እኔ ግን ድምፁን የማውቀው ከውስጥ ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት ከመስታወት ወዲህ
ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ጥቁሩን ማዳመጫ
ጣቴ ሥር ነበረች የድምፁ መውጫ።
«አገባ!» ሲል፣ ከተማው ሲንቀጠቀጥ፣
የመለኪያው መርፌ ወደ ቀይ ስትሮጥ
ዝቅ አደርገዋለሁ፤
ሲደክመው፣ ሲያጉተመትም፣ ከፍ አደርገዋለሁ።

ሕዝቡ ጎሉን ሰማ።
እኔ የሰማሁት ከጎሉ በፊት ያለውን፦
የእስክሪብቶው ክዳን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል፣
ስም ጠፍቶት ከንፈሩን በምላሱ ሲያባብል፣
አየር ሲስብ፣ ሊጠልቅ እንዳለ ዋናተኛ ባሕር መሐል።

ደግሞ ሳሉ መጣ።
ስሙኒ የምታህል አንዲት ቀይ ቁልፍ አለች፣
እሷን ስጫናት ሳሉን ትውጣለች።
በመጀመሪያው ዓመት ሁለቴ ተጫንኳት፤
በመጨረሻው ዓመት ጣቴን አላነሳሁላት።
«አንቺ ልጅ፣ ድምፄ እንዴት ነው?» ይለኛል ሲወጣ።
«ደህና ነው» እላለሁ።
ውጭ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ዝናብ ይመጣ ነበር፣ አልመጣም፣ መጣ።

አንድ ማታ ሥዕሉ ከሳተላይት ጠፋ።
ጨዋታው ሰባኛው ደቂቃ ላይ ሳለ
መስኮቱ ነጭ ጤፍ የሚነፋ መሰለ።
አለቃው በምልክት «ቀጥል! ቀጥል!» አለ።
ቀጠለ።
ኳሷን ከመሐል ሜዳ ወደ ግራ ላካት፣
በሌለ ሣር ላይ፣ ማንም እግር ሳይነካት፤
በረኛችንን አዘለለው፣ በጣቱ ጫፍ አስነካት፣
ወደ ውጭ አወጣት።
አሥራ አንድ ደቂቃ እንዲህ አጫወተን።
ሥዕሉ ሲመለስ፣ አንድ ገብቶብን፣
በረኛው መረቡን ተደግፎ አየን።

አራት ሰከንድ ቆጠርኩ።
«ይቅርታ፣ ተመልካች» አለ ዝግ ብሎ፣
«ምኞቴ ነው ያየው፣ ዓይኔን አታልሎ።»
የግማሽ ወር ደመወዝ ተቀጣ በማግሥቱ፤
ደብዳቤዋ ዛሬም አለች ከደረቱ።
የኔን ቁልፍ ግን ማንም አልቀጣት።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከስታዲየሙ ማዶ፣
ማኪያቶ አዘን ተቀምጠን ነበር።
ጎናችን ቤቲንግ ቤት፣ ልጆች እስከ በር፣
ትኬት ጨብጠው፣ አንዱ ባንዱ ትከሻ።
«ፋዘር፣ ማን ይበላል?» አለው አንዱ።
«እንጃ ልጄ» አለው፣
«እኔ አንዴ ገምቼ ግማሽ ወር ተበላሁ።»

መብራት ሄደ።
ስድስቱም ስክሪን ጥቁር። ፉጨት፣ ጩኸት፣ እርግማን፤
ኳሷ የማን እግር ላይ እንደቀረች ይወቅ ማን?
እሱ ጉሮሮውን ጠረገ።
እጄ ሳላዝዘው የሆነ ነገር ፈለገ።

«ተመልካቾቻችን፣ ሜዳው አይታየኝም።
መብራት የሄደው ግን እኛ ጋ ነው እንጂ እነሱ ጋ አይደለም፤
እየሮጡ ነው።
እኔ የማየውን ብቻ ልንገራችሁ፦
ከለገሃር በኩል አንዲት ሴት ብቅ አለች፣
በቀኝ መስመር ሄደች፣ አንድ ታክሲ አለፈች፣
ሁለት መኪና መሐል ጫማዋን አወለቀች፣
ጡሩንባ! አልሰማችም! በባዶ እግሯ ገባች፣
ኩሬውን ዘለለች፣
ተሻገረች! ተሻገረች! ተሻገረች!»

ልጆቹ አበዱ። ትኬቱን የጣለም ነበረ።
ሴትዮዋ ማዶ ቆማ፣ ጫማዋን እንደያዘች፣
ለምን እንደተጨበጨበላት ግራ ገብቷት ዞረች።

ሳሉ መጣ ያኔ።
የስኳር ዕቃው ክዳን ላይ ጣቴን ተጫንኩ እኔ፤
ጫንኩት፣ ጫንኩት፣
ምንም አልተዋጠም።
ሰሙት፤ ልጆቹም፣ አስተናጋጇም፣ መንገዱም።

አንዱ ልጅ ሮጦ ውኃ አመጣለት።